የጋምቤላ ማለዳና የጅጅጋ ማለዳ በአንድ ሰዓት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከአየር ሁኔታ ትንበያው አጠገብ፣ ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት የሚያሳይ አነስተኛ ሠንጠረዥ ማውጣት ከጀመረ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ሐሳቡን አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ ሰዓቱ የየትኛው ከተማ እንደሆነ ስለማይናገር አንባቢው የአገሪቱ ሁሉ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ ሰባት ዓመት ጋምቤላ፣ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ጅጅጋ አስተምሬአለሁ፣ አሁንም የምኖረው ጅጅጋ ነው። ሠንጠረዡን በመስኮቴ ከማየው ጋር ሳስተያየው ፀሐይዋ ከተጻፈላት ሰዓት ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ ትወጣለች። ጋምቤላ ለቀረ የቀድሞ ባልደረባዬ ደውዬ ብጠይቀው፣ እሱ ዘንድ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ እንደምትወጣ ነገረኝ። ሠንጠረዡ የአዲስ አበባ መሆኑን ያረጋገጥነው በዚህ ነው።

ነገሩ ተራ የኅትመት ግድፈት ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ግን ይኸው ግድፈት በትምህርት ቤት ደወል፣ በስብሰባ ጥሪና በቴሌቪዥን ፕሮግራም ውስጥም ስላለ፣ እኔም ሁለቱን ከተሞች ኖሬባቸው ስለማውቃቸው፣ ጥቂት ቦታ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ስሌቱን ላስቀድም። ምድር 360 ዲግሪ የሚሆነውን ዙሯን በ24 ሰዓት ስለምትጨርስ ለእያንዳንዷ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይደርሳታል። ጋምቤላ ከግሪኒች በስተምሥራቅ በ34.6 ዲግሪ ገደማ፣ ጅጅጋ በ42.8 ዲግሪ ገደማ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው 8.2 ዲግሪ በ4 ሲባዛ 33 ደቂቃ ይሆናል። በአየር ቢለካ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአዲስ አበባ በኩል በመኪና ለሚጓዝ ደግሞ ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኢትዮጵያ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ትዘረጋለች የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያልሸመደደ ተማሪ የለም፤ ያ 15 ዲግሪ ማለት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሙሉ የአንድ ሰዓት የፀሐይ ልዩነት ማለት እንደሆነም በፈተና ወረቀት ላይ አሳምረው ይጽፉልኝ ነበር። በማግስቱ ግን «መምህር፣ ታዲያ ለምንድነው ጨለማ ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት የምንመጣው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ጋምቤላ ነበር።

የምንጠቀምበት የአገሪቱ ሰዓት ከግሪኒች 3 ሰዓት ይቀድማል። ይህ ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ለሚያልፈው መሥመር ነው። መሥመሩ አዲስ አበባን አይነካም፣ ጅጅጋንም ወደ ምዕራብ ትቶ ያልፋል፤ በኢትዮጵያ ምድር በሶማሌ ክልል በዋርዴር አካባቢ፣ ከድንበር ማዶም በበርበራ ወደብ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ ሰዓታችን ከሰማይ ጋር ሙሉ በሙሉ ሲስማማ ማየት የሚፈልግ ሰው ዋርዴር መሄድ አለበት፤ ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ ላይ ስትደርስና የእጅ ሰዓት 6 ሰዓት ሲል በዓመት አማካይ እዚያ ይገጥማሉ። በጅጅጋ እኩለ ቀን በአማካይ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ 6 ሰዓት ከ25፣ በጋምቤላ ደግሞ 6 ሰዓት ከ42 ይሆናል። በአማካይ ያልኩት የምድር ምሕዋር ፍጹም ክብ ስላልሆነና ዘንጓም ስለሚያዘነብል፣ እኩለ ቀን እንደ ወራቱ እስከ ሩብ ሰዓት ከፍና ዝቅ ስለሚል ነው። በጥር ማብቂያ ጋምቤላ ላይ ፀሐይ ጫፍ የምትደርሰው 7 ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ምሳ ሰዓት ነው ብላችሁ የምትቀመጡበት ጊዜ እዚያ ገና ረፋድ ነው ማለት ይቻላል።

ጋምቤላን ለማያውቁ አንባቢዎች፣ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ በ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ በባሮ ዳር የተዘረጋ፣ ማንጎ የበዛበትና ሙቀቱ የሚከብድ አገር ነው። በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ቅጣት ስለሆነ፣ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በ1 ሰዓት ተኩል እንዲጀመር ወስኖ ነበር። ከሙቀት ለመሸሽ የታሰበው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ውሳኔውን የጻፉት ሰዎች 1 ሰዓት ተኩልን በደጋ ዐይን ነበር ያዩት። በጥር ማብቂያና በየካቲት መባቻ ጋምቤላ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከባሮ ማዶ በድልድዩ በኩል የሚመጡት ልጆች ለመድረስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ይወጡ ስለነበር፣ መንገዱን የሚጀምሩት ገና ድንግዝግዝ እንኳ በወጉ ሳይገለጥ ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ሲሆን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን ከኋላ የተቀመጡት አያነቡትም ነበር፤ መብራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልነበረም። ጅጅጋ በተመሳሳዩ ቀን፣ በተመሳሳዩ 1 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሊሞላት ነው። ደወሉ አንድ ነው፤ የአንደኛው ልጅ ማለዳ ግን ከሌላኛው ከግማሽ ሰዓት በላይ ያጥራል።

ጅጅጋ ስመጣ ነገሩ ተገለበጠብኝ። ከተማው ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ነፋሻማ ሜዳ ላይ የተቀመጠ፣ በምዕራብ በኩል የካራማራ ተራሮች የሚያዩት አገር ነው። በግንቦትና በሰኔ መባቻ ፀሐይ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ 11 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ ላይ ትወጣለች። የመጀመሪያው ሳምንት ሰዓቴ የቆመብኝ መስሎኝ ነበር። መሥሪያ ቤት እስኪከፈት ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን ደማቅ ብርሃን በከንቱ ያልፋል፤ የወተት ሻጮች እናቶች ግን የመሥሪያ ቤቱን ሰዓት ስለማይጠብቁ የግመል ወተታቸውን ሸጠው ጨርሰው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በኅዳር ደግሞ ከ11 ሰዓት ከ45 ጀምሮ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ከሥራ የወጣ ሠራተኛ ገበያ ሳይደርስ ይመሽበታል። ጋምቤላ በሐምሌ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ብርሃን ስለነበር ከትምህርት በኋላ ልጆቹን እግር ኳስ አጫውት ነበር። በጅጅጋ ይህን ልማዴን ለመቀጠል ሞክሬ ኳሱ ጨለማ ውስጥ እየጠፋን ተውነው።

እዚህ ላይ ስለራሳችን የሰዓት አቆጣጠር አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። የእኛ ቀን የሚጀምረው ከንጋት ነው፤ 12 ሰዓት ማለት የሌሊቱ ማብቂያና የቀኑ መባቻ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ይህ አቆጣጠር ለዘመናት ያገለገለንም ስለዚህ ነው። በአማካይ ሲታይ ፀሐይ ጅጅጋ ላይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ በጋምቤላ 12 ሰዓት ከ38 ላይ ነው። ስለዚህ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» የሚለው ቃል ትርጉሙን በትክክል የሚያገኘው በምሥራቁ ነው፤ በምዕራቡ ቃሉ ሌሊትን ቀን ብሎ ይጠራል። አባቶች ሰዓትን በጥላ ርዝመት፣ በእግር እየሰፈሩ ሲለኩ ግን ይህ ችግር አልነበረም። የጥላ ልክ የሚነገረው እግሩን ለቆመበት ቦታ ብቻ ነውና፣ የጋምቤላው ጥላ ለጋምቤላ፣ የጅጅጋው ለጅጅጋ ይሆናል። በጾም ቀን እህል የሚቀመሰው 9 ሰዓት ሲሞላ ነው እንላለን፤ በጋምቤላ የግድግዳው ሰዓት 9 ሲል የፀሐዩ ሰዓት በአማካይ ገና 8 ሰዓት ከ18 ነው። ካህናቱን በዚህ ልከስ አልፈልግም፤ በአገር ሰዓት መመራት ተገቢ ነው። ግን ብረት ሰዓት ከጥላ ጋር አንድ እንዳልሆነ ማወቁ አይከፋም።

ከሁሉም በላይ ነገሩን በጥሞና የያዙት መስጊዶች ናቸው። የሙስሊም ሶላት ከፀሐይ ጋር የታሰረ ስለሆነ ጥያቄውን ማስወገድ አይቻልም። በረመዳን የመግሪብ አዛን ከአዲስ አበባ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ጅጅጋ ያለ ጾመኛ እሱን ቢጠብቅ ፀሐይ ከጠለቀች 16 ደቂቃ ያህል አልፏት ነው፤ ማፍጠርን ማፋጠን የተወደደ ሆኖ ሳለ ያለ ምክንያት ይቆያል። የጋምቤላው ጉዳት ግን የከፋ ነው፤ የአዲስ አበባውን አዛን ሰምቶ ተምር ቢያነሣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ 17 ደቂቃ ያህል ይቀራታልና የዋለው ጾም ይበላሽበታል። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች የየራሳቸው የሶላት ሰዓት ሠንጠረዥ በመስጊዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። ጋምቤላ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሙስሊም ወዳጄ በረመዳን ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሥዕሉን ብቻ ያይ ነበር፤ «ልጆቹ አዛኑን ሰምተው እንዳይሳሳቱብኝ» ይል ነበር። ጣቢያዎቹ ከአዛኑ ጋር «ለአዲስ አበባና አካባቢዋ» የሚል ጽሑፍ ቢያሳዩ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ባላስፈለገ።

ሁለቱ ከተሞች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያላቸው የሰዓት ነገርም ለየቅል ነው። ጋምቤላ ከጥንትም ወደ ምዕራብ የምትመለከት ከተማ ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት በባሮ ዳር ከ2000 ሜትር ያልበለጠ ርዝመትና ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ስፋት ያለው ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች ከሱዳን በኩል እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በእ.ኤ.አ. 1956 ነው። ዛሬም የአኙዋና የኑዌር ቤተሰቦች በድንበሩ በሁለቱም በኩል አሉ። ደቡብ ሱዳን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ነበረች፤ ከጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ለእነርሱ ውሳኔው ከፀሐይ ጋር የሚስማማ ነው፤ ጁባ በ31.6 ዲግሪ ላይ ናትና። ድንበሩ ላይ ግን እንግዳ ነገር ይፈጥራል። ከጋምቤላ እስከ ደቡብ ሱዳንዋ ናስር ከተማ ያለው የፀሐይ ልዩነት 6 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ በሰዓት ግን 60 ደቂቃ ሆኗል። ከላይ የጠቀስኩት ባልደረባዬ ኑዌር ነው፤ እህቱ ማዶ ናት። ለዓመታት ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይደዋወሉ ነበር፤ ሰዓቱ ከተቀየረ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አንደኛው ሲደውል ሌላኛው ስልኩን ጥሎ ሌላ ሥራ ላይ ይገኝ ነበር። አሁን የተስማሙት «ከራት በኋላ» በሚል ነው፤ ራት በሁለቱም ወገን ከጨለመ በኋላ ይበላልና ሰዓት አላስፈለጋቸውም።

በጅጅጋ በኩል ይህ ጣጣ የለም። ንግዱ የሚሄደው በቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳና ወደ በርበራ ሲሆን፣ እዚያም ሰዓቱ ከግሪኒች 3 ሰዓት የሚቀድም ነው፤ ከጅጅጋ እስከ ሐርጌሳ የፀሐይ ልዩነቱም 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለ ጅጅጋ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ በሰዓት ረገድ ዕድለኛ ከተማ ናት።

ይህን ያነበበ ሰው ታዲያ አገሪቱ ለሁለት የሰዓት ቀጠና ትከፈል ማለትህ ነው ወይ ሊለኝ ይችላል። አይደለም፤ እንዲያውም ሐሳቡን በጽኑ እቃወማለሁ። የሰዓት ቀጠናዎች በዲግሪ ብቻ ይሰመሩ ቢባል፣ ከግሪኒች 2 ሰዓት በሚቀድመውና 3 ሰዓት በሚቀድመው ቀጠና መካከል ያለው ወሰን 37.5 ዲግሪ ላይ ይውላል። ጋምቤላ ያለ ጥርጥር በምዕራቡ ወገን ትሆናለች፤ ነቀምትና ጅማም እንዲሁ። ጎንደርና ባሕር ዳር በጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ይቀራሉ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ በዚያው ያህል ወደ ምሥራቅ ታልፋለች። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ አውቶቡስ መንገድ ላይ ሰዓት ይቀይር ማለት ነው። የአንድ ሰዓት ልዩነት በጫፎቹ ብቻ ባላት አገር ላይ ይህን ማድረግ ለ33 ደቂቃ ችግር የ60 ደቂቃ መድኃኒት መስጠት ይሆናል። ቻይና ከቤጂንግ እስከ ካሽጋር ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ የፀሐይ ልዩነት ይዛ በአንድ ሰዓት ትተዳደራለች፤ በምዕራቡ ያለው ሕዝብ ግን በኑሮው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነ የራሱን ሰዓት ይጠቀማል። ሕንድም አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያላት፤ በአሳም የሻይ እርሻዎች ግን ሠራተኛው ከአገሩ ሰዓት አንድ ሰዓት በሚቀድም የእርሻ ሰዓት ይሠራል። የእኛ ልዩነት ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ መፍትሔውም ትንሽ ነው፤ ሰዓቱን ሳይነኩ መርሐ ግብሩን ማስተካከል።

ለምሳሌ የጋምቤላ ትምህርት ቤቶች ከሙቀቱ መሸሽ ካለባቸው፣ ፀሐይ ዘግይታ በምትወጣባቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ደወሉን ወደ 2 ሰዓት መግፋት፣ ከመጋቢት ወዲህ ደግሞ ወደ 1 ሰዓት ተኩል መመለስ ይችላሉ። ለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መመሪያ አያስፈልግም። በጅጅጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቢከፍቱና ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቢዘጉ ሠራተኛው በኅዳር ሳይመሽበት ገበያ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ሐሳብ በአገልግሎት ላይ ሳለሁ በጽሑፍ አቅርቤው ነበር፤ «የሥራ ሰዓት በመላ አገሪቱ አንድ ነው» የሚል የአንድ መሥመር መልስ ደረሰኝ። መልሱን የሰጡኝ ሰው ጋምቤላን በጥር ማለዳ አይተዋት ያውቃሉ ብዬ አላምንም።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። ከሠንጠረዡ በላይ «አዲስ አበባ» የሚል አንድ ቃል ይጨመር። ቦታ ከተገኘ ደግሞ ከሥሩ የጋምቤላ፣ የጅጅጋ፣ የመቀሌና የሞያሌ ይግባ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያነሣሁት ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲኬድ የቀኑ ርዝመት ራሱ ስለሚለያይና አንባቢ ያንንም ቢያይ ስለምወድ ነው። ስሌቱን የሚሠራላችሁ ሰው ካጣችሁ እኔ በየወሩ ሠርቼ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጅጅጋ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ በማለዳ ትቀሰቅሰኛለች።

ከአክብሮት ጋር፤
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣
ከጅጅጋ